ስልኩን እንዳትዘጋው

እንቅልፍ ከዚህ ሰውዬ ጋር ከተጣላ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ግን እስካሁን የፈረደ የለም። ሌሊቱን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ሲያጥብ ያድርና ፀሐይ ከወጣች በኋላ ገብቶ፣ መጋረጃውን ከዳር እስከ ዳር በልብስ መቆንጠጫ ቆንጥጦ ይተኛል፤ ይተኛል ማለት ጀርባው ፍራሽ ይነካል ማለት ነው። ምንም ቢቆነጥጠው ከላይ በኩል አንዲት ቀጭን ብርሃን ታመልጥና ጣሪያው ላይ ትጋደማለች፤ እሷንም ይጠላታል። ከግድግዳው ወዲያ ያለውን ጎረቤቱን ይጠላዋል፤ ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ወንበር ይጎትታል፣ ለመሆኑ ብቻውን የሚኖር ሰው ይህን ሁሉ ወንበር ወዴት ነው የሚወስደው? ደረጃው ላይ ማስታወቂያ የሚለጥፈውን የሕንፃውን ተቆጣጣሪ ይጠላዋል፤ ጫማ በር ላይ ማስቀመጥ ክልክል ነው፣ መስኮት ላይ ልብስ ማስጣት ክልክል ነው፣ ጮክ ብሎ ስልክ ማነጋገር ክልክል ነው፣ ሦስት ማስጠንቀቂያ የደረሰው ተከራይ ክፍሉን ይለቃል። እሱ ሁለት ደርሶታል፣ ሁለቱም በስልክ ጩኸት። ሥራ ቦታ ያለችውን ሰዓት ተቆጣጣሪ ይጠላታል፣ ሽንት ቤት ስንት ደቂቃ እንደቆየ የምታውቅ ሴት። ዛሬ ግን ከሁሉም አብልጦ የጠላው የገዛ ልጁን ነው። ይህን ለማንም አይናገርም፤ ለራሱ ግን ነግሮታል፣ ዛሬ ጠዋት፣ ጣሪያው ላይ የተጋደመችውን ብርሃን እያየ፣ እጠላታለሁ ብሏል። ብሎም አልቀለለውም።

ልጅቱ ሃያ ዓመቷ ነው። እናቷ በአራት ዓመቷ ሞተችባት፤ አባቷ በዘጠኝ ዓመቷ አንድ ሁለት ዓመት ሠርቼ እመጣለሁ ብሎ ሄደባት፤ ያሳደገቻት አክስቷ ናት፣ የሱ ታላቅ እህት። እህቱ ልብስ ሰፊ ናት፣ ወይም ነበረች፤ ሠላሳ ዓመት ማሽኗ ላይ ጎብጣ የሰው ሱሪ ስታሳጥርና የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ወገቧ የኔ አይደለም እስክትል ድረስ። ልጅቱ ጥሩ ውጤት ስታመጣ እህቱ ትደውልና «ልጄ እኮ!» ትለዋለች፤ ልጅቱ ስታጠፋ ደግሞ «ልጅህን ስማት» ትለዋለች። በዚያ ስልክ ልጄ የሚል ቃል ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ልጅህ ትምህርቷን ትታለች። ልጅህ ቀኑን ሙሉ ትተኛለች፣ የዓይኗ ብሌን ጠብቦ ጠብቦ የመርፌ ቀዳዳ አክሏል። ልጅህ ስልኳን ሸጠች፣ ልጅህ የአልጋ ልብሱን ሸጠች፣ ከአምስት ወር በፊት ደግሞ፣ እህቱ ክር ልትገዛ ወጣ ብላ ስትመለስ ጠረጴዛው ባዶውን ቁጭ ብሎ ጠበቃት፤ ልጅህ ማሽኑን ሸጠችው። ማሽኑን! እህቱ ያን ዕለት አላለቀሰችም፣ አልተራገመችም። «መርፌዎቹን ትታልኛለች» ነው ያለችው። እሱ ግን እዚህች ክፍል ውስጥ ቆሞ ጮኸ፣ ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ የመጣው ያን ቀን ነው።

እና ይገለበጣል፣ ግድግዳውን ያያል፣ መልሶ ይገለበጣል፣ በቀኝ እጁ ላይ ሲተኛ ሁለቱ ጣቶቹ ይነዝሩታል። እነዚህ ጣቶች ባይኖሩ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር፤ ወይም ጣቶቹ ምን አደረጉ፣ ጥፋቱ የምላሱ ነው። ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ፣ ታጥቦ የመጣውን አንሶላ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ወጥሮ ይይዝና ለጋለው መተኮሻ ሲሊንደር ያጎርሰዋል፤ አንድ ሌሊት ሲሊንደሩ አንሶላውን ከነጣቶቹ ጎረሰው። ክሊኒክ ወሰዱት። ሐኪሙ አንድ ነገር ይጠይቃል፣ አስተርጓሚዋ በስልክ ውስጥ ሆና ትተረጉማለች፣ «ሕመምህ ከአንድ እስከ አሥር ስንት ነው?» ይህ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ሕመም በቁጥር ይነገራል? አስተዳደጉ ያስተማረውን መለሰ፣ «ደህና ነኝ፣ ይመስገን» አለ፣ ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ። አስተርጓሚዋም ቃሉን እንዳለ አደረሰችለት፤ ሐኪሙም ደህና ነኝ ላለ ሰው የሚገባውን ሰጠው፣ ፋሻ። ሲመለስ የሰማ አንድ ያገሩ ልጅ፣ ሁሉን ነገር አውቃለሁ ስለሚል አዋቂው የሚሉት የሥራ ባልደረባው፣ በሳቅ ሞተ። «አንተ ሰውዬ፣ እዚህ አገር ይመስገን ያለ ሰው ባዶ እጁን ነው የሚወጣው። ስምንት በል። ሰባት ካልክ ውሃ ጠጣ ይሉሃል፣ ዘጠኝ ካልክ አልጋ ያስይዙሃል። ስምንት!» በማግስቱ ሄዶ ስምንት አለ። አንድ ትልቅ እሽግ ነጫጭ ክኒን ታቅፎ ወጣ።

ከዚያ እሽግ ግን አንዲት ፍሬ አልዋጠም። ይህን ሲያስብ ከአልጋው ተነስቶ መቀመጥ ያምረዋል፣ ይቀመጣልም። አንዲት ፍሬ! የውጭ መድኃኒት ነው፣ ጠንካራ ነው፣ እንዴት ለሁለት ጣት ይባክናል? የእህቱ ወገብ አለ አይደል! ጥርሱን ነክሶ፣ ትራስ ነክሶ፣ ሦስት ሳምንት በቁሙ እየተቃጠለ፣ ሰው ሊሄድ ነው ሲባል እሽጉን በአዲስ ካልሲ ጠቅልሎ ከልጅቱ ጫማ ጋር አስገባው፤ በስደት የኖረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፣ ማን ሊሄድ ነው፣ ስንት ኪሎ ተርፎታል፣ አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ያዝልኝ። እህቱ ደወለች። «እጅህ ይባረክ! ወገቤን እኮ እንደ ገና ሰጠኸኝ» አለች። ከዚያ በኋላ ምን ይደረጋል? ጣቶቹ ዳኑ፣ አፉ ግን ስምንት ማለቱን ቀጠለ፣ በየወሩ፣ አሥራ አራት ወር ሙሉ፣ ኮምፒዩተሩም ስምንትን ለምዶ ነበር። እህቱ ማንበብ ስለማትችል መድኃኒቱን የምትቆጥርላት ልጅቱ ናት፤ ይህን ያዘዘው ማን ነው? እሱ ነው። «አንቺ ነሽ የመድኃኒቷ ኃላፊ፣ አደራ» ያለው እሱ ነው። ቶሎ ቶሎ እያለቀ ነው ስትለው ደግሞ እህቱን ነው የተቆጣው፣ እንደ ከረሜላ ትበዪዋለሽ እንዴ ብሎ። በአሥራ አምስተኛው ወር አንዲት አዲስ ሐኪም መጣች፣ ጣቶቹን ጫን ጫን አድርጋ ፊት ፊቱን አየችው፣ ከዚያ በኋላ እሽግ ቀረ። ያን ጊዜ ሐኪሟን ረገማት። ስግብግብ አላት። እሽጉ ሲቀር ልጅቱ ከቤት መውጣት ጀመረች፤ ቤት ውስጥ ያጣችውን ሰፈር ውስጥ ፈልጋ አገኘችው።

ስልኩ የጮኸው ተቀምጦ ሳለ ነው።

«ተኝተሃል እንዴ?» እህቱ ናት፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ስተኛ አይተሽኝ ታውቂያለሽ? ምን ሆነች?»

«ቦታ ተገኘላት። ማገገሚያ ቤቱ ደውሎ መኪና እየላክን ነው፣ አልጋ ተለቋል አሉ። ግን ደመወዝ ያለው ዋስ ፊታቸው ቆሞ ካልፈረመ አይወስዷትም። አጎቷ፣ የእናቷ ወንድም፣ እፈርማለሁ ብሎ አሁን ስልክ አያነሳም። ሄጄ ከሥራ ቦታው ጎትቼ ነው የማመጣው።»

«እሷስ?»

«ከወሰደች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ያንቀጠቅጣታል፣ ያስመልሳታል፣ ሰው አትመስልም። ጠዋት እሄዳለሁ ብላ ነበር፣ አሁን ግን ዓይኗ በር በር ያያል። እንዳልቆልፍባት የበሩን ቁልፍ ከነመያዣው ነቅላ ሸጣዋለች። ጎረቤት ደግሞ ከሰረቀቻቸው ወዲህ ደጄን አይረግጥም። ስማኝ፣ አርባ ደቂቃ ይፈጅብኛል። ስልኩን ለሷ ሰጥቻት ልወጣ ነው። ባትሪው ሞቷል፣ ግድግዳው ላይ ካልተሰካ አይሠራም፤ ለዚህ ነው እሱንም ያልሸጠችው። እያወራች ከሆነ ቤት ውስጥ ናት ማለት ነው።»

«እትዬ፣ እኔ ምን ብዬ...»

«የፈለግከውን በላት! አባቷ አይደለህ? ዛሬ እንኳ አባቷ ሁን። ብቻ ስልኩን እንዳትዘጋው። ከወጣች አልጋውን ለሌላ ይሰጡታል፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዛቱ! ከወጣች ደግሞ...»

አልጨረሰችውም። ባለፈው ወር ስትወጣ የት እንደተገኘች ሁለቱም ያውቃሉ፤ ቦይ ውስጥ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ትንፋሿ በየስንት ጊዜው አንዴ እየመጣ። በሚቀጥለው ላይመጣ ይችላል ብሏል ያነቃት ነርስ።

ልጅቱ ስልኩን ስትቀበል ድምፅዋ ማር ነበር።

«አባዬ! የኔ ጌታ፣ ከሥራ ገብተህ ሳታርፍ አስቸገርንህ አይደል?»

ይህችን ማር ያውቃታል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ በዚህች ማር ስንቴ ተወስዷል፣ ለመጽሐፍ ብላ፣ ለጥርስ ሐኪም ብላ፣ ለሞተች ጓደኛዋ ለቅሶ ብላ፤ ጓደኛዋ ሳትሞት ባለፈው ሳምንት ሰርግ ደግሳለች።

«አልተኛሁም። እንዴት ነሽ?»

«ደህና ነኝ፣ ይመስገን። አክስቴ ዝም ብላ ነው እኮ የምታስጨንቅህ። ልብሴን ሁሉ ሸክፌ እየጠበቅኳቸው ነው። አንተ በቃ ተኛ። ፀጉሬን ልታጠብ ስለሆነ ከዚያ እደውልልሃለሁ፣ እሺ?»

«ቆይ፣ ቆይ አትዝጊ» አለና ምክር ጀመረ። ለአሥራ አንድ ዓመት በስልክ ሲመክር የኖረ ሰው ምክር አይቸግረውም፤ ወጣትነት ያልፋል፣ ጤና ይበልጣል፣ የእናትሽን አጥንት አስቢ፣ እግዚአብሔር ታላቅ ነው። እሷም «እሺ አባዬ» ትላለች፣ «ልክ ነህ አባዬ» ትላለች፣ «አውቃለሁ አባዬ»። ቃሉ ልክ ነው፣ ድምፅዋ ግን ከስልኩ ራቅ ይላል፣ ጭንቅላቷ ወደ ሌላ ቦታ ዞሮ ነው የምታወራው። የሻንጣ ዚፕ ሰማ። አንድ ጫማ ወለል ላይ ሁለት ጊዜ ኳ ኳ አለ፣ ጠበብ ያለ ጫማ ተረከዝ ሲያስገቡ እንደሚያደርጉት። ስድስት ደቂቃ ነው የሄደው። ስድስት! ያኔ አለቀሰ። አስቦ አይደለም፣ እንዲያው መጣበት፣ በስልክ ላይ ለልጁ አልቅሶ አያውቅም። «ልጄ እባክሽ» አላት፣ «በናትሽ ይዤሻለሁ።» በዚያው ማር ድምፅ፣ «አታልቅስ አባዬ፣ ደክሞህ ነው። ተኛ እሺ? እደውላለሁ» አለች፤ ሁለተኛውም ጫማ ኳ ኳ አለ።

እንባው ዓይኑ ላይ እንዳለ ንዴቱ መጣ። ሲያለቅስ የተነቃበት ሰው ንዴት ክፉ ነው።

«አንቺ ሌባ!»

«ምን አልከኝ?»

«ሌባ አልኩሽ! ጎብጣ ያሳደገችሽን ሴትዮ እንጀራ የሰረቅሽ ሌባ! ያችን ማሽን አባቴ ናቸው የገዙላት፣ እሳቸው በላባቸው...»

«አባትህ አይደሉም የገዙላት!» ድምፅዋ ወደ ስልኩ ተመለሰ፣ ቅርብ ሆነ፣ ማሩ የለም። «ራሷ ናት የገዛችው፣ የናቷን ድሪ ሸጣ። አባትህማ ሴት ልጅ ምን ማሽን ያስፈልጋታል ብለው ከልክለዋታል። ስለገዛ ቤትህ እንኳ ምንም አታውቅም፣ ዝም ብለህ ነው የምትለፈልፈው!»

አልጋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠ ስልኩን ጆሮው ላይ ጫን አደረገው። በስተኋላ ሲያስበው የገባው በዚያች ቅጽበት ነው፣ ወይም ገና አልገባውም፣ አሁንም እያሰበው ነው፤ ብቻ የጫማው ድምፅ ቆሟል። ወደ በሩ እየሄደች የነበረች ልጅ ግድግዳው ሥር ቆማ ትጨቃጨቃለች። ለምክሩ እሺ ብላ፣ ለእንባው እሺ ብላ ልትወጣ ነበር፤ ለስድቡ ግን እሺ አላለችም።

ስለዚህ ሰደባት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለው፣ ልቡ እየደማ ነው የሰደባት፤ አንደበቱ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ነው፣ መሥሪያ ቤት ሁሉም የሚፈራው በዚሁ ነው። ሰነፍ ነሽ፣ በስምንተኛ ክፍል ወድቀሽ አክስትሽን አዋረድሽ አላት። «አልወደቅኩም! ሁለተኛ ነው የወጣሁት፣ ካርዱን ፎቶ አንስተን ልከንልሃል!» አለች። ጓደኞችሽ ናቸው ያበላሹሽ፣ ያቺ ረጅሟ ጥርሰ ፍንጭቷ አላት። «እሷ ናት ከቦይ ያወጣችኝ፣ አንተ የት ነበርክ?» አለች። ትንሽ ሆነሽም ውሸታም ነበርሽ፣ ስሸኝሽ እንኳ ሳታለቅሺ አለቀስኩ ብለሽ ታወሪያለሽ አላት። «የሸኘኸኝ አንተ ነህ? እኔ ነኝ አንተን የሸኘሁህ! አላለቀስኩም ደግሞ፣ ሁለት ዓመት ብለኸኝ ነበር፣ ማን ለሁለት ዓመት ያለቅሳል!» መልስ እየመለሰ ሰዓቱን ያያል፤ አሥራ ሰባት ደቂቃ። የምትቆጣበትን ለማግኘት ሆን ብሎ እየተሳሳተ ነገር ይወረውርላታል፣ እሷም ስሕተት አያሳልፍላት፣ ታርመዋለች። መጥፎው ነገር ሆን ብሎ ከተሳሳተው ይልቅ ሳያውቅ የተሳሳተው መብዛቱ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናት ትርፍ አንጀት ተብላ ሆስፒታል ገብታ ኖሯል፤ አያውቅም። በማሽን ስፌት አክስቷን እያገዘች የክፍሏን ልጆች ዩኒፎርም ሁሉ እሷ ኖራለች የምትሰፋው፤ አያውቅም። ቀይ ቀለም አትወድም፤ አሥራ አንድ ዓመት ቀይ ልብስ ሲልክላት ኖሯል።

ጎረቤቱ ግድግዳውን ደበደበ። ይደብድብ።

«ምንድነው የሚንኳኳው?»

«ጎረቤት ነው። ልጅህ ሱሰኛ ናት ወይ ብሎ ነው።»

«አዎ በለው! ሱሰኛ ናት በለው! አንተ ነህ የላክህላት በለው!»

ይህች ቃል ናት ስትመጣ የቆየችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አፉን ሞልቶ ያልተናገራት፣ እህቱ እየታዘበች ያለፈቻት፣ እሱም በእንቅልፍ ፋንታ የሚተኛባት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስልኩን ይዘጋ ነበር። መስመሩ ተቋረጠ ይል ነበር፤ ስንት ጊዜ ብሏል።

«ድገሚው» አለ።

«ምን?»

«ያልሽውን ድገሚው። ፈሪ ካልሆንሽ።»

ደገመችው። ደጋግማ ደገመችው፣ እያለቀሰች፣ እያስመለሳት፣ ጥርሷ ሲንገጫገጭ ይሰማዋል። የመጀመሪያዋን ቀን ነገረችው። ፈተና ደርሶ ራሷን ያማት ነበር፣ አክስቷ ደንበኛ ጋ ሄዳ ነበር፣ እሱ ደውሎ ለስድስተኛ ጊዜ በሚቀጥለው ዓመት እመጣለሁ ብሎ ነበር። «አንዲት ዋጥኩ። ታውቃለህ፣ ጫማ ትልካለህ፣ ይጠበኛል። ጃኬት ትልካለህ፣ ይሰፋኛል። ሁልጊዜ ወይ ጠቦኝ ወይ ሰፍቶኝ ነው ለሰው የምሰጠው። ከላክህልኝ ነገር ሁሉ ልኬ የሆነው ያ ክኒን ብቻ ነው!»

ዝም ማለት እንደሌለበት ያውቃል፣ ሃያ ስድስት ደቂቃ ነው ገና፣ ምንም የሚለው ግን ጠፋው። በሩ ተንኳኳ። የሕንፃው ተቆጣጣሪ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ቆሟል፣ ከኋላው ጎረቤቱ በፒጃማ፤ ተቆጣጣሪው አንድ ሁለት ሦስት ብሎ በጣቱ ቆጠረለት። ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል ይዞ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ፈረመ፣ ሳያነበው፣ በር ላይ ቆሞ። ጎረቤቱ አንድ ነገር ሊል ጀመረ፤ ፊቱን ሲያየው ተወው።

«ዘጋኸው እንዴ?» ትላለች ልጅቱ በስልኩ ውስጥ። «ዘጋኸው አይደል! እንደልማድህ!»

«አለሁ።» በሩን በእግሩ ገፋው። «አለሁ። እኔ ከዚያ ክኒን አንዲት አልዋጥኩም ነበር። ጣቴ ተቀጥቅጦ፣ ለአክስትሽ ብዬ፣ ያለምንም ነገር...»

«ታዲያ ጀግና ነህ ልበልህ?»

«ከዚያ ደግሞ ጣቴ ከዳነ በኋላ አሞኛል እያልኩ ዋሸሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ዋሸሁ። ውሸታም እያልኩ የሰደብኩሽ ሰውዬ።»

ይህን አላወቀችም ነበር። ከወዲያ በኩል ትንፋሿ ብቻ ይሰማል፣ ፈጣንና ሻካራ፤ ልትዘጋው ይሆን? ለራሱ ማረፍ ፈልጎ ነው የተናገረው፣ ሌላ ምክንያት የለውም፣ አርባ ደቂቃውን ለራሱ ኃጢአት አዋለው፤ አሁን ምስኪን አባቴ ብላ በማር ድምፅ ይቅር ብትለው አለቀ፣ ጫማዋን እንዳደረገች ናት።

«ውሸታም» አለች ቀስ ብላ። «ውሸታም! እኔን አደራ እያልክ...» ተነሳች። ድምፅዋ አደገ፣ ከቅድሙ ሁሉ በረታ፤ ስለዘጠኝ ዓመቷ ጀመረች፣ የመጀመሪያው ዓመት ስልክ በተደወለ ቁጥር አንሶላ ውስጥ ገብታ ትደበቅ ነበር፣ ምክንያቱም እመጣለሁ የሚለውን መስማት አትፈልግም፤ ስለ አሥር ዓመቷ፣ ስለ አሥራ አንድ፣ በየዓመቱ እየከሰሰችው፣ አንዱንም ሳትዘል። እሱም አላቋረጣትም፤ ቀዝቀዝ ስትል ብቻ አንድ ነገር ጣል ያደርግላታል፣ «ይኸው ነው?» ይላታል፣ «ሌላ የለሽም?» ይላታል፤ ሌላም አላት። ብዙ አላት። አሥራ ሦስት ዓመቷ ላይ ሰዓቱን ማየት ተወ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺ የፈዘዘች፣ እሺ የምትል፣ ማር የምትቀባው ልጅ ስታነጋግረው ኖራ፣ ይህችን ግን አሁን ነው የሚሰማት፤ ምላሷ የሱ ነው፣ ቁርጥ የሱ። በምድር ላይ እንደዚህ የሰደበው ሰው የለም። የጠላትም መስሎት ነበር፣ አለመጥላቱ እዚህ ላይ ታወቀው፣ ጆሮው እየጋለ።

አሥራ አምስት ዓመቷ ላይ ስትደርስ የበር ድምፅ ተሰማ። የእህቱ ድምፅ፣ የአጎትየው ጉርምርምታ፣ አንዲት የማያውቃት ሴት ረጋ ብላ «ነይ፣ የኔ እመቤት» ስትል። «ቆይ!» አለች ልጅቱ፣ «ቆይ እያወራሁ ነው!» አለች፤ ከዚያ ስልኩ ወደቀ።

አልዘጋውም። ባዶ ቤቱን ሰማው። እግሮች ራቁ፣ ውጭ ሞተር ተነሳ፣ አንድ ሰው ወረቀቱ ላይ እዚህ ጋ ፈርሙ ሲል ሰማ ወይም የሰማ መሰለው፤ ከዚያ ምንም። ምናልባት ሮጣ ይሆናል። ምናልባት በሩ ላይ ስትደርስ አምልጣቸው ሮጣ ይሆናል። ሁለት ደቂቃ ሆነ፣ አራት ሆነ። ባዶ ቤትም ድምፅ አለው፤ አንድ ቦታ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ያ ጠረጴዛ የነበረበት ጥግ ይሆናል። አልዘጋውም።

«አለህ?» እህቱ ናት።

«አለሁ። ሄደች?»

«ሄደች። ማንም ሳይይዛት፣ በገዛ እግሯ ገባች። እንዴት እንዳቆየሃት እንጃ፣ እኔማ ስገባ የለችም ብዬ ነበር።» ተንፍሳ አፍንጫዋን ጠረገች። «ልጄ ከሳች። ሁለት እግሯ እኮ ክር ሆኗል።»

ልጄ ማለቷን ሰማ። አልጠየቃትም።

«መቼ ነው የምትደውልልኝ?»

«ስልክ አይፈቅዱም። ሦስት ወር ነው አሉ፣ ከቻለችው። ስንቶቹ በሳምንታቸው ጥለው ይወጣሉ አሉኝ፣ አልዋሹኝም።» ቀጥላም፣ «ምን ብለሃት ነው ግን?» አለችው። «የመኪናውን በር ሊዘጉት ሲሉ ያዘችው። ስድብ ይሁን ምን እንጃ፣ ፊቷ እሳት መስሏል። 'ገና አልጨረስኩም በይልኝ' አለችኝ። 'ገና አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ ነኝ፣ ስወጣ እጨርስለታለሁ በይው።'»

ሰውዬው ቆመ። በአንድ እጁ ተቆጣጣሪው የተወለትን የክፍል ልቀቅ ወረቀት ቅጂ ይዟል።

«እጠብቃታለሁ በያት» አለ። «ሩጪ፣ አለሁ፣ እጠብቃለሁ ብሏል በያት።»

«ሄደዋል እኮ» አለች እህቱ።